ሁለት ዳኛ የነበረው ቅሬያችን

የማስተምረው ደሴ ነው፤ የምኖረውም እዚያው ጦሳ ተራራ ሥር። ትምህርቱ የፖለቲካ ሳይንስ ይባላል፤ የኔ ድርሻ ደግሞ ጥምር መንግሥታትን ማነጻጸር ነው። ብቻውን ለመግዛት የሚበቃ ወንበር ያላገኘ ፓርቲ ከሌላው ጋር ሲጣመር፣ መሪው ያንን ጥምረት በምን ዘዴ እንደሚያቆየው ከአገር አገር እያስተያየሁ አወራለሁ። ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና «መምህር፣ ከእነዚህ ሁሉ መሪዎች እርስዎ የሚመርጡት የትኛውን ነው?» አለችኝ። እንደየአገሩ ሁኔታ ይለያያል አልኳት። ይህ መልስ የኛ የመምህራን መደበቂያ ነው፤ ማንንም አያስከፋም፣ ማንንም አያስተምርም። እውነተኛው መልስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሁለት የኮምቦልቻ ሽማግሌዎችን ከጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር አሰልፌ የተማሪ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ብርድ ላይ የለበስኩትን ሹራብ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ አወልቃለሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ስመላለስ አንድም ቀን ቀድሜ አውልቄ አላውቅም። መስኮቱን ከፍቼ የተማሪዋን ጥያቄ ሳብሰለስል፣ ደጃችን ካለው ግራር ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ የነበሩት ሁለት በርጩማዎች መጡብኝ። ናፈቁኝ። ሰው በርጩማ ይናፍቃል ወይ ትሉ ይሆናል፤ እኔን ይናፍቀኛል።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የሰፈራችንን ቅሬ ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ከቦሩ ሜዳ፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉ ገጠር የመጡ፣ ጥቂቶቹም ወሎን ከነጭራሹ የማያውቁ። ሁሉም ዘመዱን ትቶ የመጣ ስለሆነ ቢሞት የሚቀብረው አልነበረውም። አባቴ ድቁናውን አቋርጦ ከቦሩ ሜዳ ገጠር የወረደ ክርስቲያን ነው፤ የገባው ፈትል ክፍል ነበር። ሸሁ ደግሞ የቃሉ ሰው ናቸው፤ የሽመና ማሽን መካኒክ። ሼህ የሚያሰኝ ኪታብ ቀርተው፣ ተምረው አይደለም፤ ዱአ ሲያደርጉ ድምፃቸው ስለሚያምር ሰው ሸሁ አላቸው፣ በዚያው ቀረ። ሁለቱ በአንድ ፈረቃ ይገቡ ነበር፣ በአንድ ፈረቃ ይወጡ ነበር፤ ጡረታም የወጡት በአንድ ዓመት ነው።

ቅሬያችን ሁለት ዳኛ ነበረው፤ አንድ እስላም፣ አንድ ክርስቲያን። ሊቀ መንበርና ምክትል አይደሉም። ሁለቱም ዳኛ ናቸው፤ እነሱም ሸሁና አባቴ ነበሩ። ክርስቲያን ሲሞት የሚያዙት ሸሁ ናቸው። ለቅሶ ጠሪውን በየደጁ ይልካሉ፣ ድንኳን ያስተክላሉ፣ መቃብር ቆፋሪ ይመድባሉ፣ ንፍሮ ያስቀቅላሉ። እስላም ሲሞት ደግሞ አባቴ ያዛል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቀው የመለሰልኝ በሁለት ቃል ነው፤ «ሐዘንተኛ አያዝም።» የሞተበት ወገን ሥራው ማልቀስ ነው፤ ድንኳኑ ዘመመ ተቃና እያለ ከሐዘኑ ሊነሣ አይገባም። ሥራውን ሌላው ይሠራለታል። ይህ የትም አልተጻፈም ነበር። አለመጻፉ በኋላ እኔን አሳሳተኝ።

በስብሰባ ላይም እጅ አይወጣም። ጉዳዩ ይነሣል፣ ይብላላል፤ ሲበቃ ሸሁ ዞር ዞር ብለው ሰዉን ያዩና «ያልተዋጠለት አለ?» ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ ስል እንደው ለወጉ ትንፋሽ እንደመሰብሰብ አይደለም፤ ዝንብ ስታልፍ እስኪሰማ ድረስ ነው። አንድ ሰው እንኳ ከጎረበጠው ጉዳዩ ለሳምንት ያድራል። ሸሁ መጠበቅ ያውቁ ነበር። አባቴ አያውቅም፤ የፈረቃ ደወል ከደሙ አልወጣም፣ በዘንጉ መሬቱን ይቆረቁራል። ፋብሪካ ውስጥ አንተ የሚባባሉ ሰዎች ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ አንቱ ይባባላሉ።

«አንቱ፣ ቶሎ ይበሏ፤» ይላል አባቴ።

«ምን ያስቸኩለዎታል? ሬሳው እንኳ እንዲህ አይቸኩል።»

«እርስዎ እስኪወስኑ ሬሳው ተነሥቶ ይሄዳል።»

አሁን አሁን ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ አባቴ ጀርመን ነው ሸሁ ቤልጂየም እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። ጀርመኖች ጥምር መንግሥት ሲመሠርቱ ውላቸውን አንድ በአንድ ጽፈው፣ ተፈራርመው፣ በዚያ ይሄዳሉ፤ መሪያቸውም የውሉ ዘበኛ ነው። ቤልጂየም ግን አንድ ጊዜ ከዓመት በላይ መስማማት አቅቷት ያለ አዲስ መንግሥት ከርማለች፤ ባቡሩ አልቆመ፣ ዳቦው አልጠፋ። ቸኩሎ ያልተዋጠለትን ከማስዋጥ መቆየት ይሻላል ያሉ ይመስላል። የኛም አገር በግንባር ስትመራ ኖራለች፤ ስለሱ አሁን ማውራት አልፈልግም፣ ደም ግፊት አለብኝ።

ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበትን ዓመት አስታውሳለሁ። ለለቅሶ የመጣ ሰው በስንት ሰዓት ይመገብ የሚል ነገር ተነሣ። ክርስቲያኑ በዘጠኝ ሰዓት ሊበላ ይችላል፤ እስላሙ የሚያፈጥረው በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ክርስቲያኖቹ «ወንድሞቻችን እየጾሙ እኛ ፊታቸው አንበላም፤ እንጠብቃለን» አሉ። እስላሞቹ ተቆጡ፤ «በኛ ምክንያት ሰው ሊራብ ነው ወይ፣ ይህማ አላህ ዘንድ ወንጀል ይሆንብናል» አሉ። ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ስለገጠመው ጠቅላይ ሚኒስትር እስካሁን አላነበብኩም። በመጨረሻ ሸሁ «ንፍሮው ሁለት ጊዜ ይቀቀል፤ ያልተዋጠለት አለ?» አሉ። አባቴ በንዴት «ይኼን ለማለት ነው ሦስት ሳምንት?» አለ። ሸሁም «አዎ፤ ሦስት ሳምንት ባይሆን ማን ይሰማኝ ነበር?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ እኔ መጣሁ። ቀበሌው ማኅበራት ሁሉ መተዳደሪያ ደንብ ይኑራቸው ብሎ ነበር። ደንቡን እኔ እንድጽፍ ያስወሰኑት ሸሁ ናቸው፤ «ልጃችን ተምራለች፤ የኛን ነገር ከሷ የተሻለ ማን ያውቀዋል» ብለው። ያኔ የዶክትሬት ጽሑፌን እየጨረስኩ ነበር። አንዱ ምዕራፍ ሥልጣን ለሁለት ሲካፈል ስለሚመጣው መዘዝ ነው፤ ኬንያ ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር አጣምራ የከረመችበትን ዘመን እያየሁ፣ ሁለት ራስ ያለው ነገር አይጸናም ብዬ ደምድሜ ነበር። በዚያው ብዕር የቅሬውን ደንብ ጻፍኩት። አንድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ምክትል፣ ምርጫ በድምፅ ብልጫ፣ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት። በሚያምር ፊደል አሳትሜ፣ አስጠርዤ አመጣሁላቸው። የሠራሁት ሥራ አኮራኝ፤ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ምርጫው ግራሩ ሥር ተደረገ። ሁለቱ ዳኞች ታጩ። ሸሁ ለአባቴ እጃቸውን አወጡ፤ አባቴም ለሸሁ። ሰው ሳቀ። ከዚያ የሌላው እጅ ወጣ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሰው ለሚቀርበው ያወጣል። ግን እጆቹ ሲወጡ እስላሙ በእስላሙ፣ ክርስቲያኑ በክርስቲያኑ ሆኖ ታየ፤ ቆጣሪዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት። አባቴ በጥቂት እጅ አለፈ። ሸሁ ከበርጩማቸው ተነሥተው «ኸይር ነው፤ አላህ ያግዝዎ» አሉትና በርጩማውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምክትልነቱን አልፈለጉትም፤ እሱ ላንድ ነጋዴ ተሰጠ፣ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው።

አባቴ ያን ዕለት እራቱን አልበላም። እናቴ ብትለምነው እምቢ አለ። በኋላ ወደ እኔ ዞረና «ይኼን ያህል ዘመን ስኖር የትኛው ወገን እንደሚበዛ አላውቅም ነበር፤ ለምን ነገርሽኝ?» አለኝ።

ጠብ ተነሣ እንዳትሉ፤ አልተነሣም። ሸሁ ለስብሰባ ይመጣሉ፣ ሰዉ መሐል ይቀመጣሉ፣ የታዘዙትን ይሠራሉ። ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። አባቴ የሚለውን ሁሉ ሰዉ እሺ ይለዋል፤ የሚያሾፍበት የለም። ከግራሩ ሥር አንድ በርጩማ ቀረ።

በዓመቱ ክረምት ላይ እናቴ ሞተች።

የእናቴን ለቅሶ እንደሆነው ልንገራችሁ። ሟቿ ክርስቲያን ናት፤ እንደ ወጉ ቢሆን የሚያዙት ሸሁ ናቸው። ደንቡ ግን ሊቀ መንበሩ ይላል፤ ምክትሉም ለንግድ ወጥቷል። አባቴ ገና ሰሌኑ ላይ ከመቀመጡ ጠሪው መጥቶ «ዳኛ፣ ድንኳኑ በየት በኩል ይተከል?» አለው። ተነሣ፣ ወጥቶ አሳየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «ዳኛ፣ ቆፋሪዎቹ ስንት ይሁኑ?» ተነሣ። «ዳኛ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ሸራ ከየት እናምጣ?» ተነሣ። ነጠላው ከትከሻው እየወደቀ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሸራ ያስወጥራል። ሸሁ በራችን ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ የሚያዛቸው ይጠብቃሉ። ሄጄ «እባክዎ፣ እርስዎ ይዘዙልን» ልላቸው እችል ነበር። እግሬ ታሰረ፤ የገዛ ጽሑፌን በሰው ፊት ለመሻር አፈርኩ። እናቴ ሞታ እንኳ አፈርኩ።

አባቴ በመጨረሻ አያቸውና «አንቱ ከቆፋሪዎቹ ጋር ይሂዱ» አላቸው። «መርሐባ» ብለው እሺታቸውን ሰጡና በዚያ ዕድሜያቸው አካፋ ተሸክመው ሄዱ። እናቴን ስንቀብር አባቴ ለለቀስተኛው የሚሆን ወንበር ይቆጥር ነበር። በሠልስቷም፣ በአርባዋም እንደዚያው። አንድም ቀን አላለቀሰም።

ዲግሪዬን ተቀበልኩ። ያ ምዕራፍ ተወደሰልኝ፤ ዛሬ ገልጬ ማንበብ አልችልም።

ከአርባዋ በኋላ ሸሁ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የጎረቤት ስፌት መኪና ፈትተው ይጠግናሉ፤ ጡረታ ከወጡም ወዲህ እጃቸው ብረት ካልነካ አይሆንላቸውም። ተቀምጬ «ሸሁ፣ አፉ ይበሉኝ፤ በድያለሁ» አልኳቸው።

«ምኑን ነው አፉ የምልሽ?»

«ደንቡን። ምርጫውን።»

የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። «ደንብ ወረቀት ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል» አሉ። «እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እኔና አባትሽ ፋብሪካ ስንገባ ተነጋግረናል። ያንተ ሰው ሲሞት እኔ አዛለሁ፣ አንተ ታለቅሳለህ፤ የኔ ሲሞት አንተ ታዛለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ። እናትሽ ስትሞት በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው ሳያለቅስ ቀረ። ልጄ፣ ያላለቀሰ ሰው ይታመማል። አባትሽን አስለቅሺው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ማዘዝ ብቻ ነበር» ብለው ፈገግ አሉ። ስወጣም «አብሽሪ፣ አፉ ብየሻለሁ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ እንጂ አባትን ማስለቀስ በየት ይማሩታል? ደንቡ ይሻሻልና ሁለታችሁ ተመለሱ ብዬ ስለምነው አባቴ «ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ሲሞላ ይታያል» አለኝ። ጀርመን ነው አላልኳችሁም? እኔም ወር እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። ዘመኑ ሲሞላ ሁለተኛው በርጩማ ከግራሩ ሥር ሲመለስ፣ ሸሁ ዞር ዞር ብለው «ያልተዋጠለት አለ?» ሲሉ በሐሳቤ እያየሁ ነበር በየቅዳሜው ሐረጎን የምወርደው። ያን ቅዳሜም ይህንኑ እያሰብኩ ነው ከሚኒባሱ ወርጄ ባጃጅ የያዝኩት።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ የጠሪው ድምፅ ተሰማ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ባጃጁን አስቆምኩት። የሸሁን ስም ጠራ። ቀብራቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው አለ።

በቀጥታ ወደ ሸሁ ግቢ ገባሁ። ወንዶቹ አካፋና የድንኳን እንጨት ይዘው ቆመዋል፤ ጠሪውም ዙሩን ጨርሶ ሁለተኛውን ትእዛዝ ለመቀበል ከኋላዬ ደረሰ። በእናቴ ለቅሶ የተጻረሩት ደንቡና ወጉ ዛሬ በአንድ ቃል ተናግረዋል ብዬ አሰብኩ። ሟቹ እስላም ናቸው፤ ሊቀ መንበሩም ክርስቲያን ነው፤ በሁለቱም ቢኬድ የሚያዘው አባቴ ነው። አባቴ ግቢው መሐል ዘንጉን ይዞ ቆሟል።

«ዳኛ፣ ድንኳኑ በየት በኩል ይተከል?» አለው ጠሪው።

አባቴ ጫማውን አወለቀ። የሸሁ ልጆች ወደተቀመጡበት ሰሌን ሄደ፣ መሐላቸው ገብቶ ተቀመጠ፣ ዘንጉን መሬት ላይ አጋደመው።

«ሐዘንተኛ አያዝም» አለ።

ምክትሉ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ጠሪው አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሴት ልጅ በኛ ቅሬ አዝዛ አታውቅም፤ በጻፍኩት ደንብ ውስጥም የለም። ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሸሁም አባቴም ሲያዙ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እግሬ እንደዚያ ክረምት ሊታሰር ሲል ተሰማኝ። አባቴን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ድንኳኑ በደጁ በኩል ይተከል፤ ከጀርባ ፀሐይ ይመታዋል» አልኩ። «ወጣቶቹ አካፋ ይዘው ወደ ቀብሩ ይቅደሙ። ውሃ በጀሪካን ከኛ ቤት ይምጣ። ንፍሮው አሁን ይጣድ።» ከዚያ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ እኔም ሳላስበው፣ ዞር ዞር ብዬ ሰዉን አየሁና «ያልተዋጠለት አለ?» አልኩ።

ጠበቅሁ። የዚያን ሰፈር እጅ የቆጠርኩት እኔ፣ ሸሁ እንደሚጠብቁት ጠበቅሁ። ጥበቃው ረጅም ነው። ሲጠብቁት እንዲህ እንደሚረዝም ተቀምጬ ሳይ አላወቅሁም ነበር። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «መርሐባ» አሉ። ሌላውም «መርሐባ» አለ። አካፋዎቹ ተነሡ።

አባቴ ያኔ ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻው ነበር የሚንቀጠቀጠው። «ባልንጀራዬ» አለ፣ «ባልንጀራዬ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የእናቴን ስም ጠራ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እየደጋገመ፣ እንደ አዲስ ሙት። ከወንዶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «ሰብር ያድርጉ፣ ይቻሉት» ሲለው የሸሁ ባለቤት ከሴቶቹ መሐል «ተዉት» አሉ። «ለሸሁም ለሷም ነው። ተዉት፣ ያልቅስ።»

ድንኳኑ ሲተከል ወደ ግራ ዘምሞ ነበር። አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ በእንባው መሐል አየው፤ እንዳየው አይቻለሁ። አልተነሣም። ማንም መጥቶ ምን እናድርግ ብሎ አልጠየቀውም።